ማህተሙ እውነተኛ ነው፤ ሰውዬውስ?

የዛሬው ረዘም ይላል። ቡና ያላችሁ ይዛችሁ ተቀመጡ። በተለይ ድሮ ያስተማርኳችሁና ዛሬ «ዲቨሎፐር ነን» የምትሉ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሳታነቡ ላይክ አድርጋችሁ እንዳታልፉ፤ አውቃችኋለሁ!

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ግን ይቅርታ ልጠይቃችሁ።

የትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ክፍል ትዝ ይላችኋል? የግማሹ ኮምፒውተር የማዘርቦርድ ባትሪ ሞቷል። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ ኢንተርኔት ስትከፍቱ ብሮውዘሩ ቀይ ምልክት ያወጣና «ግንኙነትዎ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። እናንተ «ቲቸር፣ እምቢ አለ!» ብላችሁ ትጮኻላችሁ። እኔስ ምን አልኳችሁ? «አድቫንስድ የሚለውን ተጫኑት፣ ከዛ ቀጥል በሉት፣ በቃ።» ክፍለ ጊዜው አርባ ደቂቃ ነው፣ ለአንድ ኮምፒውተር አራት ተማሪ ነው፣ ምን ላድርግ ብዬ ነው። ቀኑን ለማስተካከል ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ለምን ቀይ እንደሆነ ለማስረዳት ደግሞ አምስት ደቂቃ። ሁለቱንም አላደረግኩም።

ፈተና ላይ ያወጣሁት ሁሉ ተረስቷል። አሁን ስለ ባይናሪ ቁጥር ብጠይቃችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ። ይቺ ግን አልተረሳችም፦ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ተጫነውና እለፍ። እሷን በደንብ አስተምሬያችኋለሁ። ይቅርታ።

አሁን ለምን ትዝ አለህ ብትሉኝ፣ በቅርቡ አንድ የድሮ ተማሪዬ ደወለና «ቲቸር፣ ማኪያቶ ልጋብዝዎት» አለኝ። ጎበዝ ልጅ ነበር፣ አሁንም ጎበዝ ነው። በግሉ አፕ እየሰራ ይሸጣል። ከአባላቱ በየወሩ ገንዘብ ለሚሰበስብ አንድ ድርጅት የሰራውን ሊያሳየኝ ነው። የድርጅቱንም የልጁንም ስም አልጠራም። አፑ ያምራል። አባሉ በስልክ ቁጥሩና በሚስጥር ቁጥሩ ይገባል፣ ያለበትን ያያል፣ እዛው ይከፍላል። እውነቴን ነው፣ ኮራሁበት።

ከዛ «እስቲ ኮዱን አሳየኝ» አልኩት። እኔ ዲፕሎማ ያለኝ የሃይስኩል አስተማሪ ነኝ፣ ሶፍትዌር ኢንጂነር አይደለሁም። ማንበብ ግን እችላለሁ። ወደ ታች ስንወርድ አንድ ቦታ ላይ አይኔ ቆመ። አፑ ሰርቨሩን ሲያገኝ «የሰርቨሩን ስም አረጋግጥ» የሚል ስራ ያለው ፈንክሽን ነው። ውስጡ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ምን ይላል? «ሁልጊዜ እውነት ነው ብለህ መልስ።» አለቀ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ኤረር እየሰጠኝ ነበር ቲቸር። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ይሄን አገኘሁ። ካስገባሁት በኋላ ሰራ።»

«ስሙን ማየት አቆመ እኮ!»

«ቢሆንም ኢንክሪፕትድ ነው። ኤችቲቲፒኤስ ነው እኮ።»

ይሄን ጽሑፍ የጻፍኩት በልጁ ላይ አይደለም። የጻፍኩት በዚህች አረፍተ ነገር ላይ ነው፤ «ኢንክሪፕትድ ነው እኮ»። ብዙ ሰው ሲላት ሰምቻለሁ። ልጆችም ይሏታል፣ አለቆችም ይሏታል። ውሸት አይደለችም። ግን ግማሽ እውነት ናት፣ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ሰው ያስተኛል።

ኢንክሪፕሽን ማለት ደብዳቤውን አሽጎ መስጠት ነው። በመንገድ ላይ ያለ ሰው አያነበውም፣ ጥሩ። ግን ለማን ነው የሰጠኸው? አሽገህ ለሌባው ከሰጠኸው ሌባው ይከፍተዋል። ለእሱ ነዋ ያሸግህለት!

እስቲ እኔ በማውቀው ላስረዳችሁ። ስንት ዓመት ፈተና ፈትኛለሁ። ተፈታኙ አድሚሽን ካርዱን ይዞ በር ላይ ይመጣል። እኔ ሦስት ነገር አያለሁ። አንድ፣ ማህተሙ የእውነት ነው? ሁለት፣ ካርዱ የዘንድሮ ነው? ሦስት፣ ስሙና ፎቶው የዚህ ፊቴ የቆመው ልጅ ነው?

አሁን አንደኛውንና ሁለተኛውን ብቻ አይቶ «ግባ» የሚል ፈታኝ አስቡ። ምን ይፈጠራል? ማንም የራሱ እውነተኛ ካርድ ያለው ሰው በማንም ወንበር ላይ ይቀመጣል። ፎርጅድ ማህተም መስራት አያስፈልገውም። ማታለል እንኳን አይባልም፤ ካርዱ እኮ የራሱ ነው፣ ማህተሙም የመንግሥት ነው። ያጠፋው ሦስተኛውን ጥያቄ ያልጠየቀው ፈታኝ ነው።

ሰርተፍኬት ማለት ይቺው አድሚሽን ካርድ ናት። አፓችሁ ከሰርቨር ጋር ሲገናኝ ሰርቨሩ ሰርተፍኬቱን ያሳያል። ላይዋ ላይ የሰርቨሩ የአድራሻ ስም አለ፣ የሚያገለግልበት ቀን አለ፣ የሰጪው ድርጅት ዲጂታል ፊርማ አለ። አፑ መጠየቅ ያለበት እነዚያኑ ሦስቱን ነው፦ ፊርማው ከማምነው ሰጪ ነው? ቀኑ አላለፈም? የተጻፈው ስም እኔ የደወልኩለት ስም ነው? የኮምፒውተር ክፍላችን ቀይ ምልክት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነበር የሚወድቀው፤ የኮምፒውተሩ ቀን የተሳሳተ ስለሆነ። የልጁ አፕ ደግሞ ሦስተኛውን ጥያቄ ዘግቶታል።

«ታዲያ ሌባው ፊርማ ያለው ሰርተፍኬት ከየት ያመጣል?» የሚል አይጠፋም። በነጻ ነዋ! እ.ኤ.አ. ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ሌትስ ኢንክሪፕት የሚባል ድርጅት የራሱ ዶሜይን ላለው ሰው ሁሉ ሰርተፍኬት በነጻ ይሰጣል። ከዛ በፊትም በትንሽ ብር ይሸጥ ነበር። ይሄ በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ በእሱ ምክንያት ስንት ድረ ገጽ ተጠበቀ። ግን ሰርተፍኬቱ ምን ብሎ ነው የሚመሰክረው? «ይሄ ሰው ደግ ነው» አይልም። «ይሄን ስም የያዘው ይሄ ሰው ነው» ብቻ ነው የሚለው። ስለዚህ ስሙን ካላነበብከው ምስክርነቱን አልሰማህም። ማህተሙን አይተህ ተደሰትክ እንጂ።

እኔና ልጁ የተቀመጥንበት ካፌ ውስጥ የዋይፋዩ ፓስወርድ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። በሁሉም ካፌ እንደዛው ነው። አንድ ሰው ላፕቶፑን ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጥና በዛው ስም፣ በዛው ፓስወርድ ሌላ ዋይፋይ ይከፍታል። ስልክህ ጠንከር ወዳለው ሲግናል ይሄዳል፤ አይጠይቅህም። አፑን ትከፍታለህ። አፑ «የድርጅቱ ሰርቨር የት ነህ?» ይላል። ሰውዬው «አቤት» ይላል። የራሱን ዶሜይን እውነተኛ ሰርተፍኬት ያሳያል። ፊርማ? አለ። ቀን? አላለፈም። ስም? «ሁልጊዜ እውነት ነው ብለህ መልስ።» ገባ።

ከዚህ በኋላ የሚስጥር ቁጥርህን ያነበውና ቀድቶ ለእውነተኛው ሰርቨር ያስተላልፈዋል። ሁሉም ነገር ይሰራል። ክፍያው ይሄዳል። «እናመሰግናለን» የሚለው ይመጣል። አንተ ምንም አታይም። ብሮውዘር ቢሆን ኖሮ ትልቅ ቀይ ገጽ ያወጣ ነበር። አፕ ውስጥ ግን ማስጠንቀቂያውን የሚያወጣው አፑ ራሱ ነው፤ አፑ ደግሞ አይኑን ጨፍኗል።

ይሄ የእኛ ልጆች ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። «ፈረንጅ እንዲህ አይሳሳትም» የምትል ነገር አለች፤ እሷንም ዛሬ እንቅበራት።

እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድና የቴክሳስ ኦስቲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አንድ ጥናት አወጡ። ርዕሱን ብተረጉመው «በዓለም ላይ ያለው እጅግ አደገኛ ኮድ» ነው። ከብሮውዘር ውጪ ያሉ ሶፍትዌሮች ሰርተፍኬት እንዴት እንደሚያረጋግጡ ፈተኑ። ማን ወደቀ? የአማዞን የክላውድ አገልግሎት የጃቫ ላይብረሪ። ነጋዴዎች ክፍያ የሚቀበሉባቸው የአማዞንና የፔይፓል ኮዶች። ኦኤስኮመርስና ዜንካርትን የመሳሰሉ የኦንላይን ሱቅ ሶፍትዌሮች። የአሜሪካው ቼዝ ባንክ የአንድሮይድ አፕ። አንዳንዱ ሰርተፍኬቱን ጨርሶ አያይም፣ አንዳንዱ ፊርማውን አይቶ ስሙን አያይም። የቤት ስራ የሚቀዱ ልጆች አይደሉም እኮ እነዚህ!

በዛው ዓመት የጀርመን ተመራማሪዎች፣ ከሃኖቨርና ከማርቡርግ፣ 13,500 ታዋቂ የሆኑ ነጻ የአንድሮይድ አፖችን መረመሩ። 1,074ቱ፣ ማለትም ከመቶ ስምንት ያህሉ፣ ለዚህ አይነት ጥቃት ሊያጋልጥ የሚችል ኮድ ነበራቸው። ከዛ 100 መርጠው በእጃቸው ሞከሩ፤ በ41ዱ ላይ ጥቃቱ ሰራ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የከርል ታሪክ ነው። በፒኤችፒ የጻፋችሁ ታውቁታላችሁ። ከርል ውስጥ «ቬሪፋይ ሆስት» የምትባል ማስተካከያ አለች፤ ስሙን አረጋግጥ ማለት ነው። ስሟን ያየ ሰው አዎ ወይም አይደለም የሚባልባት ይመስለዋል። ስለዚህ ጠንቃቃው ዲቨሎፐር «ትሩ» ብሎ ጻፈ። አረጋግጥልኝ ማለቱ ነው። ግን ማስተካከያዋ ሦስት ዋጋ ነበራት፦ 0፣ 1 እና 2። ፒኤችፒ «ትሩ»ን ወደ 1 ይቀይረዋል። 1 ማለት ደግሞ በዛን ጊዜ «ሰርተፍኬቱ ላይ ስም መኖሩን ብቻ እይ» ነበር። የማን ስም? የማንም! ትክክለኛው 2 ነበር፣ እሱም ምንም ካልነካኸው በነባሪ የተቀመጠው ነው። አያችሁ ጉዱን? ምንም ያልነካው ሰነፍ ዳነ፣ «ላረጋግጥ» ያለው ጠንቃቃ በሩን ከፈተ። የአማዞን የክፍያ ላይብረሪ እንኳን የወደቀው በዚችው «ትሩ» ነው። ጥናቱ ከወጣ በኋላ ከርል እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በወጣው እትሙ 1ን አልቀበልም አለ። በ2019 ደግሞ 1 እና 2 አንድ አይነት ትርጉም እንዲኖራቸው ተደረገ።

ከዚህ ተነስቼ አንድ ነገር እላለሁ፣ የማይስማማ ኮሜንት ላይ ይምጣ።

እኔ ፈተና አርሜ አርባ ተማሪ አንድ ጥያቄ ላይ ከተሳሳተብኝ ተማሪዎቹን አልሳደብም። ወይ ጥያቄው ተበላሽቷል፣ ወይ እኔ አላስተማርኩም። በዓለም ላይ ያለ ዲቨሎፐር ሁሉ፣ አማዞንም የኔም ተማሪ፣ አንድ ቦታ ላይ ከወደቀ ጥፋተኛው ጥያቄውን ያወጣው ነው።

ጥያቄውን ያወጡት የላይብረሪ ሰሪዎቹ ናቸው። ኦፕን ኤስኤስኤል፣ ስንቱ ሰርቨርና ፕሮግራም የቆመበት ላይብረሪ፣ እስከ እ.ኤ.አ. ጥር 2015 ድረስ፣ እትም 1.0.2 እስኪወጣ ማለት ነው፣ ስም የሚያረጋግጥ ፈንክሽን ጨርሶ አልነበረውም። «ፊርማውን አይቼልሃለሁ፣ ስሙን አንተ እይ» ነበር ነገሩ። ፓይተን እስከ እ.ኤ.አ. 2014 መጨረሻ፣ 2.7.9 እስኪመጣ ድረስ፣ በኤችቲቲፒኤስ ስትገናኝ ሳትነግረው ሰርተፍኬቱንም ስሙንም አያይም ነበር። ጃቫ ላይ አንዱን መንገድ ብትጠቀም ስሙ ይታያል፣ ዝቅ ያለውን መንገድ ብትጠቀም አይታይም፤ ልዩነቱን የሚነግርህ ሰነድ ውስጥ ገብተህ ስትቆፍር ነው።

መከራከሪያቸውን አውቃለሁ። ዋናው የግንኙነት ፕሮቶኮል ስም እንዴት እንደሚነጻጸር አይወስንም፣ እሱ የላይኛው ሶፍትዌር ስራ ነው ይላሉ። በወረቀት ላይ ልክ ናቸው። ግን ቤት ሰርተህ ስትሸጥ በሩን ያለ ቁልፍ አስረክበህ «ቁልፍ የገዢው ስራ ነው» ትላለህ? በል እሺ፣ ቢያንስ «ይሄ በር አይቆለፍም» ብለህ በትልቁ ጻፍበት! ደህንነቱ የተጠበቀው መንገድ ምንም ሳትነካ የምታገኘው መሆን አለበት። አደገኛው መንገድ ነው ልፋት የሚጠይቀው መሆን ያለበት። ለዓመታት ተገልብጦ ነው የኖርነው።

አሁን ብዙው ተስተካክሏል። ስለዚህ «ያኔ ላይብረሪው በደለኝ» የሚለው ሰበብ ዛሬ አይሰራም። የዛሬው አንድሮይድ በተለመደው መንገድ ከተገናኘህ ስሙን ያያል። ጉግል ፕሌይም ይሄን ማረጋገጫ በግድየለሽነት የዘጋ አፕ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል፣ አልቀበልም የሚልበትም ጊዜ አለ። የኔ ተማሪ ላይብረሪው አልበደለውም። ላይብረሪው ጮኸለት። እሱ ነው አፉን የያዘው። ማን አስተማረው? ብያችኋለሁ፣ ይቅርታ ብያለሁ።

አሁን ሰበቦቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

«ለቴስት ብቻ ነው ያስገባሁት።» የልጄ፣ ለቴስት የገባ ኮድ እንደ ጊዜያዊ የቆርቆሮ አጥር ነው። ለሁለት ወር ብለህ ታቆመዋለህ፣ ልጆችህ ያገቡበታል። የዚህ ልጅ ኮድ እንኳን «ቴስት፣ በኋላ ይጥፋ» የሚል ጽሑፍ ከጎኑ ነበረው። አፑ ሰው እጅ ከገባ ሦስት ወር ሆኖታል።

«እኛን ማን ይሰርቀናል?» ሌባው አንተን መርጦ አይደለም ካፌ የተቀመጠው። መረብ ነው የዘረጋው። የገባው ይገባል። ደግሞ የምትሰራው የራስህን ብር የሚይዝ አፕ አይደለም፤ የእማማ እገሊትን ነው። ለእሷ መድፈር አትችልም።

«ተጠቃሚው ይጠንቀቅ።» በምኑ ይጠንቀቅ? ምን ያያል? ብሮውዘር ላይ ቢያንስ አድራሻው ይታያል። አፕ ውስጥ የሚታየው የድርጅቱ አርማና ቆንጆ ቀለም ነው። ተጠቃሚው እንዲያይ ያላደረግከውን ነገር ስላላየ ትወቅሰዋለህ?

«እኛ ፒኒንግ አድርገናል።» ይሄ የጎበዞቹ ሰበብ ነው። ፒኒንግ ማለት አፑ ከተወሰነ ሰርተፍኬት ወይም ከተወሰነ ሰጪ ውጪ አልቀበልም እንዲል ማድረግ ነው። ጥሩ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2017 የእንግሊዝ በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የባንክ አፖችን ጨምሮ 400 ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸውን አፖች ሞከሩ። ዘጠኙ ላይ፣ ትልልቅ ባንኮች ያሉበት፣ ይሄንኑ ቀዳዳ አገኙ። ሰጪውን ፒን አድርገዋል፣ ስሙን አያዩም። ስለዚህ ከዛው ሰጪ የራሱን ሰርተፍኬት የገዛ ሌባ ይገባል። የባሰው ደግሞ ቁልፉ ቀዳዳውን መደበቁ ነው። መርማሪ መጥቶ በሌላ ሰጪ ሰርተፍኬት ሲሞክር አፑ «እምቢ» ይላል፣ መርማሪውም «ጎበዝ» ብሎ ፈርሞ ይሄዳል። ማህተሙ ላይ ጠንክረው ፎቶውን ረሱት።

«እሺ፣ ስሙን ራሴ አረጋግጣለሁ።» ይሄኛውን ከሁሉ በላይ እፈራዋለሁ። አንዱ «ስሙ ውስጥ የባንኩ ስም ካለ ይበቃል» ብሎ ይጽፋል። ሌባው የባንኩን ስም ከፊት አስቀምጦ በራሱ ዶሜይን ይጨርሰዋል፣ ገባ። ባለሙያዎቹም ወድቀውበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሞክሲ ማርሊንስፓይክና ዳን ካሚንስኪ፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው፣ ስሙ መሃል ላይ ባዶ ባይት ማስገባት እንደሚቻል አሳዩ። ሰርተፍኬት ሰጪው መጨረሻ ላይ ያለውን ዶሜይን አይቶ «ያንተ ነው» ብሎ ይፈርማል። የተጠቃሚው ሶፍትዌር ግን ባዶዋ ባይት ጋ ሲደርስ ስሙ አለቀ ብሎ ያቆማል፣ እስከዛ ያነበበው ደግሞ የሌላ ሰው፣ የባንክ ስም ነው። የአፓቼ ኤችቲቲፒ ክላየንት የስም ማረጋገጫ ጉድለትም በ2012 ታውቆ ተስተካከለ ሲባል ጥገናው ሙሉ አልነበረም፤ በ2014 እንደገና መጠገን ነበረበት። ስንት አይን ያየው ኮድ ሁለት ዓመት ከወሰደበት፣ አንተ ለሊት ስምንት ሰዓት ላይ የጻፍከው ምን ይሆናል? አትጻፈው። ያለውን ተጠቀም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የቤት ስራ ነው፣ ጻፉ።

አንደኛ፣ ዲቨሎፐሮች፣ ዛሬ ማታ ኮዳችሁን ክፈቱና ፈልጉ። ጃቫና ኮትሊን ላይ «ሆስትኔም ቬሪፋየር» እና «ትረስት ማኔጀር» ያለበትን ቦታ ሁሉ። ፒኤችፒ ላይ «ቬሪፋይ ሆስት» እና «ቬሪፋይ ፒር»። ፓይተን ላይ «ቬሪፋይ» ከጎኑ «ፎልስ» የተባለበትን። ያገኛችሁትን አጥፉት። ከዛ የሚሰበረው ይሰበር፣ የሚሰበርበትን ምክንያት ፈልጉ።

ሁለተኛ፣ ለሙከራ የራሳችሁ ሰርቨር ካለ የራሳችሁን ሰርተፍኬት ሰጪ ፍጠሩና ለሙከራ ስልካችሁ ብቻ አሳውቁት። አንድሮይድ ለሙከራው እትም ብቻ የሚሰራ ማስተካከያ ከሰባተኛው እትም ጀምሮ አለው። ኮዱን መንካት አያስፈልግም።

ሦስተኛ፣ «ሰራ ወይ?» ብቻ አትሞክሩ። «እምቢ ይላል ወይ?» ብላችሁ ሞክሩ። አፓችሁን ፊርማውም ቀኑም ትክክል፣ ስሙ ብቻ የሌላ የሆነ ሰርተፍኬት ወዳለው ሰርቨር አገናኙት። ባድ ኤስኤስኤል የሚባል ለዚሁ የተሰራ ነጻ የሙከራ ድረ ገጽ አለ፣ ስሙ የተሳሳተ ሰርተፍኬት ያለው ገጽ አለው። አፓችሁ ያለ ምንም ቅሬታ ከተገናኘ ፈታኛችሁ ፎቶ አያይም ማለት ነው። ጥሩ ፈታኝ የሚታወቀው ትክክለኛውን ተማሪ በማስገባቱ አይደለም። ሌላውን በመመለሱ ነው።

አራተኛ፣ አፕ የምታሰሩ አለቆች። ኮድ ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «የሌላ ሰው ሰርተፍኬት ሲቀርብለት አፑ ምን እንደሚያደርግ ፊቴ አሳየኝ» በሉ። አምስት ደቂቃ ነው። ያመነታ ካለ ገባችሁ። ደግሞ «ሰኞ ይድረስልኝ» እያላችሁ ልጆቹን አታስጨንቋቸው፤ ያቺ መስመር የምትጻፈው እሁድ ማታ ነው።

አምስተኛ፣ ሌሎቻችን። በካፌና በሆቴል ዋይፋይ ገንዘብ አትላኩ፣ ዳታችሁን ክፈቱ። አፖቻችሁን አፕዴት አድርጉ። ብሮውዘር «ስሙ አይመሳሰልም» ሲላችሁ «ቀጥል» አትበሉ። አስተማሪም ቢላችሁ!

የልጁን ነገር ሳልጨርስ። በዛ ቀን ትንሽ ተኳርፈን ነው የተለያየነው። «ደንበኛው ደስተኛ ነው፣ ቲቸር ለምን ያወሳስቡታል» የሚል ነገር አለ። ከሦስት ቀን በኋላ ማታ ደወለ። መስመሯን አጥፍቷት አፑ አልገናኝም ብሎ ነበር። ከዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ኤረሩን አነበበው። ሰርተፍኬቱ የተሰጠው ለድርጅቱ ዋና ድረ ገጽ ስም ነው፣ አፑ የሚደውለው ደግሞ ሌላ ንዑስ ስም ላይ ነው። በቃ፣ ስሞቹ አይመሳሰሉም። ኤረሩ ከመጀመሪያውም እውነቱን ነበር የሚናገረው። ለትክክለኛው ስም በነጻ ሰርተፍኬት አወጣ፤ አንድ ሰዓትም አልፈጀበት።

«ቲቸር፣ በሦስቱ ወር ውስጥ ሰው ገብቶበት ይሆን?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። ማንም መልስ የለውም። የዚህ ጥፋት ክፉነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ዱካ አይተውም። ለድርጅቱ እንዲነግር፣ አባላቱ የሚስጥር ቁጥራቸውን እንዲቀይሩ እንዲያደርግ መከርኩት። ፊቱን ማቅላት ይጠይቃል፣ አውቃለሁ። በማግስቱ ሄዶ ነገራቸው። ከአፑ ይልቅ በዚህ ነው የኮራሁበት።

እኔም ሰኞ ክፍል ስገባ መጀመሪያ ባትሪ የሞተባቸውን ኮምፒውተሮች ቀን አስተካክላለሁ። ቀይ ምልክት ከመጣ ክፍለ ጊዜው ያልቅ እንጂ «ምን አለ? ለምን አለ?» ብለን አብረን እናነበዋለን። አርባ ደቂቃውን ይብላው።

ድሮ ያስተማርኳችሁ ልጆች፣ ኮዳችሁን ፈልጋችሁ ያገኛችሁትን ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ። አገኘሁ ያለውን አልስቅበትም፣ ማርክም አልቀንስም። ለሚመለከተው ሼር አድርጉት።

ቸር ያሰንብተን።